ወጡማ ጣፍጦ ነበር

ልጅ ሳለሁ ምላሴ የራሴ አልነበረም፤ የእቴቴ ነበር። እቴቴ የምንላት የአባቴን ታላቅ እህት ነው። ባሏ ከሞተ በኋላ እኛ ግቢ፣ ከማድ ቤቱ አጠገብ ባለች ትንሽ ጎጆ ትኖር ነበር፤ ሰፈሩ ያለ እሷ ድግስ የሚወጣ የማይመስለው ወጥ ሠሪ ነበረች። ሰፈራችን ከይምርሐነ ክርስቶስ ወደ ላሊበላ በሚወስደው የእግር መንገድ ላይ ነው። ገና ሲቃረብ መንገዱ በነጠላ ነጭ ይሆናል፤ ከየአገሩ የመጣው ተሳላሚ ሲያልፍ ይሰነብታል፣ እግሩ አልታዘዝ ያለው ደግሞ እኛ ዘንድ ይቀራል። ለዚህ ለቀረው እንግዳና ለደብራችን ካህናት በገና ጧት የጾም መፍቻ የሚያበላው በየዓመቱ በተራ አንድ ቤት ነው። ወጡን ግን ተራው የማንም ይሁን እቴቴ ትሠራዋለች።

ጭንቁ እዚህ ላይ ነው። የገና ወጥ የሚሠራው በዋዜማው፣ ጾሙ ሳይፈታ ነው። ዋዜማውን ጋድ እንለዋለን፤ የጋድ ዕለት የበግ ወጥ የምትሠራ ሴት ቀሚሷ እስከ ጫፉ ቅቤ ቅቤ ቢሸትም ከወጡ አንዲት ጠብታ ከንፈሯን አትነካም። ስለዚህ በየማድ ቤቱ ጾም ያልጀመረ ልጅ ይፈለጋል። እቴቴ ግማሹን ጨው ታደርግና ማማሰያውን አንሥታ መዳፌ ላይ ጠብ ታደርግልኛለች። እኔም እልሳለሁ፤ ዐይኔን ጨፍኜ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከዚያ «አነሰው» ወይም «ደኅና ነው» ብዬ እፈርዳለሁ። ጨው የሚጨመረው ከፍርዴ በኋላ ነው። ያኔ በአገሩ ከእኔ የሚበልጥ ሹም ያለ አይመስለኝም ነበር።

ወጡ እስኪበስል እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ተረት ታወራልኛለች። የወይራው ጭስ ከጣሪያው ሥር ተንጠልጥሎ ወርዶ ዐይናችንን ሲያስለቅሰን፣ የኩራዙ ብርሃን ከግድግዳው ላይ ሲንቀጠቀጥ፣ እሷ ፍሙን በእንጨት ጫፍ ወደ ድስቱ ሥር እየሰበሰበች፣ ፊቷን ከእሳቱ ሳታነሣ ነበር የምታወራው። ብዙ ተረት ታውቅ ነበር፤ የጋድ ማታ ግን ሁልጊዜ ያችኑ አንዷን ነው።

በድሮ ዘመን አንዲት ባለሙያ ሴት ነበረች። እመቤታችንን ከመውደዷ የተነሣ በየዓመቱ በስሟ ትደግስ ነበር። አንድ ዓመት፣ እሳቱ ነድዶ፣ ድስቱ ተጥዶ፣ ቤቱ በሥራ ሲተራመስ፣ ልጅ ያዘለች መንገደኛ ከደጃፏ ድንጋይ ላይ አረፍ ትላለች። «እናቴ፣ ውሃ አጠጪኝ፤ ትንሽም አጠገቤ ተቀመጪ» ትላለች። ባለሙያዋ ከውስጥ ሆና፣ «እሺ፣ ይችን ቁሌት ላውርዳትና» ትላለች። ቁሌቱ ሲወርድ እንግዳዋ ደግማ ትጣራለች። «መጣሁ፣ ጠላዬን ልጥለለውና» ትላለች። ጠላው ሲጠልል ሦስተኛ ትጣራለች። «ጨረስሁ፣ ቅቤዬን ላንጥርና» ትላለች። ቅቤው ነጥሮ፣ ወጡ ወጥቶ፣ እጇን ታጥባ ውሃውን በዋንጫ ይዛ ብቅ ስትል ድንጋዩ ላይ ማንም የለም። እጇን ብታሳርፍበት ድንጋዩ ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም።

እዚህ ላይ እቴቴ ወደ ድስቷ ትመለሳለች። እኔ ደግሞ ቁጣውን እጠብቃለሁ፤ በሌሎቹ ተረቶቿ እንዲህ ያደረገች ሴት ወይ መብረቅ ይወርድባታል፣ ወይ ከነድስቷ ድንጋይ ትሆናለች።

«ተቆጣቻት?» እላለሁ።

«ምን አስቆጣት። ሄደች እንጂ።»

«ወጡስ?»

«ወጡማ ጣፍጦ ነበር» ትለኛለች፣ ማማሰያውን የድስቱ አፍ ላይ እያራገፈች።

በዚህ ያልቃል። ያኔ ይህ መጨረሻ በጣም ያናድደኝ ነበር። ለጣፈጠ ወጥ ምን ብለው ያዝኑለታል? መብረቁ በወረደ እያልሁ የተኛሁባቸው ማታዎች ብዙ ናቸው።

ሰባት ዓመት በሞላኝ ዓመት ተራው የእኛ ቤት ሆነ። እናቴ ከነጋ ጀምሮ ጉድ ጉድ ስትል ዋለች፤ አባቴ ከገበያ ጥሩ በግ አምጥቶ ነበር፤ ጎረቤታችን እማማ አለሚቱም ልታግዝ መጥታ ነበር። እቴቴ እንደ ልማዷ ማማሰያውን አንሥታ «መዳፍሽን» አለችኝ። እኔ እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ።

«ዛሬ አልቀምስም፤ ጋድ ጿሚ ነኝ» አልኋት።

ማድ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እማማ አለሚቱ፣ «ጠብታ እኮ ናት፣ የኔ አበባ፤ ማንም አያይሽም» አሉኝ። እናቴ ግን አልሳቀችም፤ ከእኔ በታች ያለው ወንድሜ ገና ጡት አልጣለም፣ ሌላ ቀማሽ ልጅ ለማግኘት ቁልቁለቱን ወርዶ መመለስ ሊኖር ነው፣ እንግዳው ደግሞ ግቢውን ሞልቶታል። ክንዴን ጨብጣ፣ «በእንግዳ ቀን ታዋርጅናለሽ?» አለችኝ። አለቀስሁ፤ መዳፌን ግን አልዘረጋሁም። ለምን እንዲያ እንደ ደረቅሁ አሁንም በወጉ ማስረዳት አልችልም። ያች ከድንጋዩ ላይ ተነሥታ የሄደችው ሴት፣ እኔን ስትጠራኝ «ቆይ» እንዳልላት ፈርቼ ነበር፤ ይኸው ነው።

እቴቴ ቀና ብላ አየችኝ። በወጧ ስሟ ከዚያ ሰፈር አልፎ እስከ ላሊበላ የሚነሣ ሴት ነበረች፤ ያለ ቀማሽ ወጥ ማውጣት በስሟ መቆመር እንደሆነ እኔም አውቅ ነበር። «ተዋት» አለች ለእናቴ። ከዚያ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ ሽታውን ሳበችና ሙሉውን ጨው በራሷ ግምት አደረገች። ችግሩ፣ እሷ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ስትል፣ ይህን ያላዩት እማማ አለሚቱ «ካልተቀመሰ መቼም ሁለተኛው ጨው አልገባም» ብለው እሳቸውም ጨመሩበት። በደግነት ነው። እንዲህ ያለ ስሕተት የትም አይሠራም፤ በእኛ አገር በጋድ ማታ ካልሆነ።

በገና ጧት ካህናቱ ከቅዳሴ ወጥተው፣ እንግዶቹ ተሰብስበው፣ ማዕዱ ተባርኮ፣ የመጀመሪያው ጉርሻ ወደ አፍ ሲገባ ሁሉም ማኘኩን አቆመ። አባቴ ሬት የቀመሰ ሰው መሰለ። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። እቴቴ ግን ከማድ ቤቱ በር ላይ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ብቅ አለችና ድምጿን ሳትቀንስ፣ «ጨው ነው፤ አውቃለሁ። በዚህ ቤት የሚቀምስ ጠፋ፣ ጿሚ ተጨመረ። ጠላ አለ» አለች።

የደብሩ አለቃ አዛውንቱ ቄስ ጥቂት አሰቡና ሁለተኛ ጎረሱ። «እንግዲያ ስለ ጿሚዋ ይበላል፤ ጠላውን ግን አታርቁብን» አሉ። እንግዳው ሳቀ። ያ ሁሉ ወጥ ተበላ፣ የጠላው ጋን ግን ከቀትር በፊት ተንጠፈጠፈ። እናቴ ለሳምንት አኮረፈችኝ። እቴቴ ማታ ፍሙ ዳር አጠገቧ አስቀመጠችኝና፣ «ወጡንስ አበላሸሽብኝ፣ ልጄ» አለችኝ። «እንግዳዋ ግን ዘንድሮ ያልሄደች ይመስለኛል።»

እቴቴ አርፋለች፤ ነፍሷን ይማር። እኔ አሁን ላሊበላ ከተማ፣ አፋፉ ላይ በተሠራ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ነኝ። ባሌ ባጃጅ ይነዳል፤ የልጆች ትምህርት ቤት አለ፣ ዕቁብ አለ፣ ዕድር አለ፣ የማይዘጋ ስልክ አለ። ሁሉም «ቶሎ» ይላል። የሚያስቸግረውም ከነዚህ አንዱም ክፉ አለመሆኑ ነው። በልጅነቴ ያልገባኝ ይህ ነበር፤ ባለሙያዋ ሴት ሰው ስታማ አልነበረችም፣ ስትሰርቅም አልነበረችም። እንግዳዋን የረሳቻት ለእንግዳዋ ስትደግስ ነው።

አምና የገና ሰሞን ዋናዋ ወጥ ሠሪያችን ለቀቀች። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝ። ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፤ እንግዳ ጠፍቶ ክፍሎቹ ሸረሪት ባደራባቸው ዘመን እንኳ እኛን አልበተነም።

«እትዬ ብርቄ፣ ቦታው የእርስዎ ነው» አለኝ። «ሁለት ነገር ብቻ። ዋና ሲሆኑ የሚወጣውን ሁሉ ራስዎ ይቀምሳሉ፤ ጾምም ቢሆን። የገና ሌሊትና ጧት ደግሞ እዚሁ ነዎት፤ ሆቴሉ የሚሞላው ያኔ ነው።»

«ሁለቱንም አልችልም» አልሁት።

«አንዲት ጠብታ እኮ ናት። እግዚአብሔር ልብ ያያል።»

«ያያል። እምቢ የምለውም ለዚህ ነው።»

«ልጆችዎን ያስቡ እንጂ።»

«እነሱን አስቤ ነው።»

ባሌ ስነግረው ራቱን ጨረሰ። ቀጥሎ፣ «ያው ባጃጇ አለች» አለ። ጎረቤት ግን ዝም አላለም። አክርራለች ተባልሁ፤ በዚህ ኑሮ ሹመት የሚገፋ እብድ ነው ተባልሁ። ይባል። ጻድቅ ነኝ አላልሁም። ቅዳሴ ላይ አንቀላፋለሁ፤ ምላሴ ስለታም ነው፣ ቂምም ይዤ አውቃለሁ። አንድ ነገር ግን ለማንም አልለቅም፤ ለደመወዝም፣ ለይሉኝታም። ከደጃፌ ተቀምጣ ስትጠራኝ «ቁሌቱን ላውርደውና» አልላትም። ቁሌቱ ይረር።

የገና ጧት ቤተ ማርያም ነበርሁ። ካህናቱ እኩሌቶቹ ከአለቱ አፋፍ፣ እኩሌቶቹ ከታች ሆነው እየተቀባበሉ ሲያሸበሽቡ፣ ከሕዝቡ መካከል ተጣብቄ፣ ትንሿን ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ቆምሁ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ የቋጠርሁት ስልክ ይንቀጠቀጣል። ያቆምና ደግሞ ይንቀጠቀጣል። ሆቴሉ መሆኑን አውቄ አልፈታሁትም። ብርዱ ያንዘፈዝፈኝ ነበር፤ ደስታዬ ግን ያስለቅሰኝ ነበር፤ ያንን ቦታ ማን ሊያስለቅቀኝ ይችል ነበር?

የዋና ወጥ ሠሪነቱ ቦታ ለሌላ ሴት ተሰጠ፤ ደኅና ሴት ናት፣ አልጠላኋትም። እኔ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ከሚልጡት በኩል ነኝ። የእቴቴን ተረት ለትንሿ ልጄ ካወራሁላት ቆይቷል፤ እሷም እንደ እኔ በመጨረሻው ትናደድ ነበር። በዚያ የገና ማታ ራት በልተን ፍሙ ዳር ስንሞቅ፣ ከጭኔ ላይ ሆና ቀና አለች።

«እማ፣ የሆቴሉ ቁርስስ?» አለችኝ።

«ጣፍጦ ነበር አሉ» አልኋት። «ይጣፍጥ።»