በማዕዘን ሥር የተቀበረው የራልቾ ጥላ

የቬስኖቮ ከተማው ማቅ ሠሪ ራልቾ የተገደለው በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ ቆሞ እየተሟገተ ሳለ ነው። ቢላ አልተመዘዘም፣ ጥይትም አልጮኸም። አንዲት ቀይ ክር በቃች። መሞቱን ራሱ የሰማው ደግሞ ከከተማው ሰው ሁሉ መጨረሻ ነው።

ነገሩ የተነሣው ከሃጂ ስላቪ አዲስ ቤት ነው። ሃጂ ስላቪ ሱፍ ነጋዴ ክርስቲያን ነበር፤ ኢየሩሳሌምን ተሳልሞ፣ ዮርዳኖስ ወርዶ የድሮውን ኃጢአት አራግፎ፣ ለአዲሱ ሰፊ ቦታ አዘጋጅቶ ሲመለስ «ሃጂ» የሚለውን ማዕረግ ይዞ መጣ። ማዕረጉን የሚመጥን ቤት አልነበረውምና ሊያሠራ ተነሣ። ላይኛው ፎቅ ከታችኛው ወጣ ብሎ መንገደኛውን ቁልቁል የሚያይ፣ መስኮቱ ብዙ፣ የሳሎኑ ኮርኒስ ከእንጨት ተፈልፍሎ መሐሉ ላይ ጨረሯን የዘረጋች ፀሐይ የተቀረጸችበት። አገሩን በያዘው በሱልጣኑ ሹም ፊት አንገቱን ሰብሮ የሚውል ሰው ቤቱ ሲገባ በገዛ ጣሪያው ሥር የራሱ ፀሐይ እንድትኖረው ይመኛል። ይመኝ፤ ምኞት አይከለከልም። የሃጂው ፀሐይ ግን ለጨረሯ መዘርጊያ ከሕዝብ መንገድ ሁለት ክንድ ጠየቀች። እሱም ማዕዘኑን ወደ ወንዙ ገፍቶ፣ መንገዱን ቆርሶ አስገነባ። ወንዙ ዳር ያለው አፈር ደግሞ እንደ ሃጂው ቃል ነው፤ አይጸናም። ግንቡ በጸደይ ፈረሰ፣ ተሠራ፣ ደግሞ ፈረሰ።

ግንበኛው ዶብሪ መፍትሔውን ያውቅ ነበር፤ በዚያ ተራራ አገር የማያውቅ ግንበኛ የለም። ግንብ አልቆም ሲል አንድ ሰው ሳያውቅ ጥላው በክር ይለካል፤ ክሩም ከማዕዘኑ ድንጋይ ሥር ይቀበራል። ጥላው የተለካ ሰው በአርባ ቀን ውስጥ ይሞታል፣ ነፍሱም ለቤቱ ዘበኛ ሆና ትቀራለች፤ ቤቱም ይቆማል። ለድሃ ጎጆ የአውራ ዶሮ ጥላ ይበቃል ይባል ነበር። ሃጂው ግን ዶሮ አነሰው። ሰው ይሁንልኝ አለ፤ ሆኖም ሰው ሲሞት ሰው ይጠይቃልና፣ የማይጠየቅለት ቢሆን ይመረጣል አለ።

አንድ ጠዋት ራልቾ በአህያው ግራና ቀኝ የፍየል ጸጉር ጆንያ ጭኖ መጣና መንገዱ ላይ ተቀረቀረ።

«ሃጂ፣ አህያዬ ማለፍ አቃታት» አለ።

«ጭነቷን ቀንስላታ።»

«እሷስ እንደ ድሮዋ ናት። የወፈረው የእርስዎ ግድግዳ ነው።»

«ራልቾ፣ አፍህ አንድ ቀን ያስቀብርሃል።»

«ብቻ መቃብሬን መንገድ ላይ እንዳይቆፍሩት፤ ሰው የሚያልፍበት አጣ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። ሃጂው አልሳቀም፤ ዶብሪን ብቻ አየው። ራልቾ ፊቱን ወደ ፀሐይዋ አዙሮ እጁን እያወናጨፈ ሲሟገት፣ ጥላው ከጀርባው በእርጥቡ ኖራ ላይ ተጋድሞ ነበር። ዶብሪ ከኋላው ቁጢጥ ብሎ በቀይ ክር ድንጋይ የሚለካ መሰለ። ራልቾ በመጨረሻ አህያውን አዙሮ በረጅሙ መንገድ ሄደ፤ በክርክሩ ያሸነፈ መስሎት እያፏጨ።

ከዚያ በኋላ ሰው አያያዙን ለወጠ። ጎረቤቱ ሰላምታ ሲሰጠው ባርኔጣውን ያወልቅ ጀመር። አንዱ አህያዋን «በኋላ» ለማን እንደሚተዋት ጠየቀው። ከምን በኋላ? ብሎ ገረመውና ወደ መጠጥ ቤት ጎራ አለ። ዶብሪ እዚያ የፕሪም አረቄውን ሲጋት ቆይቶ ነበር። ራልቾን እንዳየ ተነሥቶ አንገቱ ላይ ተጠመጠመና ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበር» አለ ዶብሪ።

«ማን?»

«አንተ ነሃ፣ አያ ራልቾ። እንዳንተ ያለ ጨዋታ አዋቂ አልነበረም።»

ያኔ ገባው። በመጠጥ ቤቱ ያለው ሁሉ ዓይኑን ብርጭቆው ውስጥ ቀበረ። ሁሉም ያውቁ ነበር። አህያ የሚሻሙት ሁሉ ያውቁ ነበር፣ አንድም ሰው ግን ዞር በል፣ ጥላህን ሰብስብ አላለውም።

ራልቾ እንደማንኛውም የአገሩ ሰው አመነ። አምኖም ታመመ። እግሩ ከበደው፣ እህል ዘጋው፤ የሽመና ዕቃውን ትቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ቄስ ጌንቾ ሊያናዝዙት መጡ።

«ድንጋዩ አንዴ ተጥሏል፣ ልጄ። አሁን ስለ ነፍስህ አስብ።»

«አባቴ፣ ሃጂውንም አናዝዘውታል?»

«እሱ አልታመመማ።»

«የገደለው እሱ፣ ንስሐ የምገባው እኔ?»

ቄሱ ጢማቸውን እያሻሹ የእግዚአብሔር አሠራር ረቂቅ እንደሆነ ተናገሩ። የቤቱን ምረቃ ጸሎት የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩና አሠራሩ በዚያ ሳምንት ከወትሮው የበለጠ ረቆባቸው ነበር።

ራልቾ ምናልባት በዚያው ይሞት ነበር፤ ብዙ ሰው በዚህ መንገድ ሞቷል፣ ፍርሃት ሥራ ፈት አይደለም። ያዳነው መድኃኒት ከሃጂው ቤት መጣ። አንድ አሽከር ስንዴ ተሸክሞ ደጃፉ ላይ አወረደ። «ሃጂ ልከዋል፤ ለተዝካሩ ንፍሮ ይሁናችሁ ብለዋል» አለ።

ሚስቱ ትሶና ስንዴውን እየጎተተች አልጋው ሥር አደረሰችው።

«እየው» አለችው።

«ስንዴ ነው።»

«ስንዴውን አይደለም። ጆንያውን እየው።»

ራልቾ አንገቱን ቀና አድርጎ አየ። ጆንያው የገዛ እጁ ሥራ ነበር፤ ጠርዙ ላይ የሚያደርጋት ጥቁር ፈትል ፍንትው ብላ ትታያለች። የገዛ ንፍሮውን በገዛ ማቁ አሽገው ላኩለት። በሕይወቱ ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ውስጡ ነዶ አያውቅም። ንዴቱ ከእግሩ ጣት ተነሥቶ ፍርሃቱን እንደ ጉድፍ እየጠረገ ወደ ላይ ወጣ።

«ቀቅይው» አለ።

«ምኑን?»

«ንፍሮውን። ርቦኛል።»

የምረቃው ቀን የከተማው ታላላቆች ከሃጂው ደጃፍ ተሰበሰቡ። ኮርኒሱን አይተው፣ ፀሐይዋን አድንቀው፣ ብርጭቆ ይዘው ወደ ውጭ ወጥተዋል። ሰዓቱ ወደ ማምሻው ስለነበር የእውነቷ ፀሐይ ዝቅ ብላ የሁሉንም ጥላ በድንጋይ ንጣፉ ላይ አጋድማው ነበር። ራልቾ በመንገዱ መጣ። ከስቷል፣ ጢሙ አድጓል፤ በእጁ አዲስ የፍየል ጸጉር ገመድ ይዟል።

«ሃጂ፣ ቤትህ አምሯል» አለ። አንቱታው አልጋው ላይ ቀርቷል።

«ራልቾ፣ ተሻለህ እንዴ?» አለ ሃጂው፤ ድምፁ ውስጥ ደስታ አልነበረም።

ራልቾ ገመዱን ዘረጋ። በዚያች ቅጽበት የቬስኖቮ ጨዋነት ሁሉ ተበተነ። ክረምቱን ሙሉ «ጥላ ማለት የብርሃን መጋረድ ነው፣ ሌላው የባልቴት ወሬ ነው» እያለ ልጆች ሲያስተምር የከረመው መምህር ከሁሉ ቀድሞ በሩ ውስጥ ዘለለ። ቄስ ጌንቾ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጣሪያው ሥር ተለጠፉ። ሽማግሌዎቹ ተገፋፉ፣ ብርጭቆ ተሰበረ። ወፍራሙ ሃጂ ብቻ፣ ለመሮጥ የማይመች ሰው ነበርና፣ ሜዳው ላይ ቀረ። ራልቾ ተንበረከከ፤ ገመዱን ከሃጂው ተረከዝ እስከ ጥላው አናት አሳረፈና እዚያ ላይ አጥብቆ ቋጠረው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እየለካሁህ። አሳማዎቼ ጋጥ የላቸውም፤ ነገ መሠረት እጥላለሁ።»

«የኔን ጥላ? በአሳማ ጋጥ?»

«የኔ በሌባ ቤት ገብቶ የለም? እኔ ለኮርኒስህ ዘበኛ ስሆን አንተ ለአሳማዎቼ ትሆናለህ። ደግሞ የነሱ ቤት የሕዝብ መንገድ አይነካም።»

«ያዙት» አለ ሃጂው። አሽከሮቹ ፀሐይዋንና ገመዱን አዩ፣ የጣሪያውን ጥላ ጫፍ አዩ፣ ከዚያ ሳያልፉ ቀሩ።

«ምን ትፈልጋለህ? ተናገር፣ እሰጥሃለሁ።»

«ጥላዬን።»

ዶብሪ ከበሩ ውስጥ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ያ ድንጋይ ከወጣ ማዕዘኑ ይወድቃል፣ ፎቁም አብሮ ይሄዳል» አለ።

«ይሂድ» አለ ራልቾ። «የቆመው መንገዴ ላይ ነው።»

ሃጂ ስላቪ ለሰው ነፍስ የማይራራውን ያህል ለገዛ ነፍሱ ይራራ ነበር። በማግስቱ ግንቡን አስፈረሰ። የላይኛው ፎቅ በዚያ በኩል ተቆረጠ፤ ሳሎኑ ጠበበ፣ የተቀረጸችው ፀሐይም በአንድ ጎኗ ጨረሯ ተከርክሞ እንደ ተላጨ ራስ ቀረች። ዶብሪ ከመሠረቱ ድንጋይ ሥር ክሩ ያለበትን ትንሽ የሸክላ ዕቃ አውጥቶ ለራልቾ ሰጠው። ራልቾ ቀዩን ክር መንገዱ መሐል ላይ አቃጠለው። አመዱ ላይ ቆመና ጥላውን ግራና ቀኝ እያየ እንደ አዲስ ልብስ ሞከረው።

«በል እንግዲህ ገመዱን» አለ ሃጂው እጁን ዘርግቶ።

«ጋጡን ገና አልሠራሁም» አለና ሄደ።

ጋጡንም ዕድሜውን ሙሉ አልሠራም። ገመዱ ከሽመናው በላይ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ። ሃጂ ስላቪ በየመንገዱ ቀድሞ ሰላም የሚል፣ የራልቾን አሳማዎች ጤና የሚጠይቅ ትሑት ሰው ሆነ። የከተማው ሰው የሃጂነቱ ፍሬ አፈራ ይል ነበር። ቆይተው ደግሞ ብዕር የያዙ ሰዎች ከሩቅ መጥተው ቤቱን ሳሉት፤ ያ የተቆረጠ ማዕዘንና ያች ጨረሯ የጎደለ ፀሐይ የግንበኛው ድፍረትና የጥበቡ ረቂቅነት ነው ብለው ጻፉ። የሃጂውን ስም አነሡ፣ የዶብሪንም አነሡ። መንገዱ ለምን እዚያ ጋ እንደሚሰፋ የጠየቀ የለም።

ሃጂው በደህና እርጅና ሞቶ ከተቀበረ በኋላ ትሶና ገመዱን ከሚስማሩ አወረደችው።

«ይኸን ምን ላድርገው?»

ራልቾ ያን ጊዜ ሸብቷል፤ ከሽመናው ቀና አላለም።

«ቋጠሮውን ፍቺና ጭነቱን እሰሪበት» አለ።

ከጥቂት በኋላ አህያዋ ግራና ቀኝ ጆንያ ተጭና በሃጂው ቤት ሥር አለፈች። ግድግዳውን አልነካችም።