ኮምፒውተሩ የበላልኝ ጉርሻ

እኔ እንደምነግርሽ ጻፊ ልጄ፣ እንዳታሳምሪው። ማሳመርሽ ምን እንዳመጣ አይተናል።

ካዛንቺስ ያለው ቤታችን ሊፈርስ ወር ሲቀረው የጎረቤቴ ልጅ ተመረቀ። ከሷ ጋር አንድ ግድግዳና አንድ ማድቤት ተጋርተን ነው ልጆች ያሳደግነው። ድግሱ ላይ ትልቅ የክትፎ ጉርሻ ጠቅልላ መጣችብኝ። አፌን ገጥሜ ፊቴን አዞርኩባት። ባለፈው ሳምንት ሰው ፊት «ወጥሽ ጨው በዝቶበታል» ብላኝ ነበራ። በቃ፣ ምክንያቱ ይኼው ነው። ጉርሻ ደግሞ አይመለስም፤ አጠገቤ ለተቀመጡት ለእድራችን ዳኛ አጎረሰቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ኩርፊያ። እሷ «ናቀችኝ» ትላለች፣ እኔ «በልቻለሁ» ብዬ ድርቅ። ዳኛውን ስትጠይቃቸው «እኔ ሥጋ በሐኪም ተከልክያለሁ» አሉ። ሚስታቸው አጠገባቸው ነበሩ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ፤ ድግሱ ላይ ያልነበረው ሁሉ ሳይቀር በዓይኔ አይቻለሁ አለ።

ቤቱ ፈረሰ። እኔ ቡልጋሪያ ሰፈር እናትሽ የተከራየችው ቤት ገባሁ፣ ለጎረቤቴ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ዳኛው «ተኳርፋችሁ አትለያዩም» ብለው ለእሁድ እኛ ቤት ቀጠሩን። አንቺ ደግሞ «እኔ እኮ የድግሱ ቪዲዮ አለኝ» አልሽ። አለቀልኝ አልኩ።

ቪዲዮው ግን በዚያ በተሰነጠቀ ስልክሽ የቀረጽሽው ነው፤ ይዘላል። እጇ ወደ አፌ ሲመጣ ይታያል፣ ከዚያ እልም ይልና እጇ ባዶ ሆኖ ይመጣል።

«ፍሬሙ አንሶ ነው እማማ» አልሽኝ። «ማለቴ፣ መሃል ላይ ስዕል ጎድሎታል። ኮምፒውተሩ በሁለቱ ስዕል መሃል የጎደለውን ገምቶ ይሞላዋል። በቃ፣ ልስልስ ይላል።»

«ሳያይ ነው የሚሞላው?»

«ሳያይ።»

«ታዲያ የኛ ሰፈር ሰው ነዋ» አልኩሽ። ግን ተይው አላልኩሽም። ይኼንንም ጻፊው።

እሁድ ዕለት ሁሉም ላፕቶፕሽን ከበበ። ጉርሻው እንደ ቅቤ ቀልጦ በጉንጬ በኩል ሲገባ አየን፤ አፌ እንኳን አልተከፈተም። ዳኛው መነጽራቸውን አስተካክለው «ይኸው፣ በልታለች። ቴክኖሎጂ አይዋሽም» ብለው ፈረዱ። የበሉት እሳቸው፣ የፈረዱት እሳቸው።

ጎረቤቴ ላፕቶፑ ላይ ጎንበስ ብላ አየች። «እንግዲህ ዓይኔ ነው» አለች። «አርጅቻለሁ። ያለ ስምሽ ስም ሰጥቼሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።» ልትነሳም ነጠላዋን ሰበሰበች።

ያቺ ሴትዮ ሁለት ሚኒባስ ቀይራ ነው የመጣችው። ደህና ዓይኗን ስታማ ዝም ልበል?

«ዓይንሽ ደህና ነው» አልኳት። «አልበላሁም። ኮምፒውተሩ ነው የበላልኝ።»

የዳኛው ሚስት ቀስ ብለው ወደ ባላቸው ዞሩ። እሳቸው ወደ ጣሪያው።

ጎረቤቴ ተነሳች። እጇን ታጠበች፣ ለእንግዳው ካቀረብኩት ወጥ ቡጢ የሚያክል ጠቀለለች፣ ፊቴ መጥታ ቆመች።

«ክፈቺ» አለችኝ።

ከፈትኩ። ጉንጬ ተወጥሮ እንባዬ መጣ። እሷ ቆማ ትጠብቃለች።

«እ?» አለች።

እንደምንም ዋጥኩና፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ «ጨው በዝቶበታል» አልኳት።