ሣጥኑ ላይ የጻፍኩት «ጠዋት»

አባቴ ገነተ ማርያም የሚቀድሱ ቄስ ነበሩ። እግራቸው ማበጥ የጀመረው በጥምቀት ሰሞን ነው። ጫማ አልገባ ሲላቸው «ብርድ ነው» አሉ። ፊታቸው ሲነፋም «እንቅልፍ በዝቶብኝ ነው» አሉ፤ እንቅልፍ ግን ካጡ ሰንብተዋል። በመጨረሻ እኔና እናቴ ተማክረን በበቅሎ ላሊበላ ወሰድናቸው።

ክሊኒኩ ውስጥ አንድ ወጣት ጤና መኮንን የእጃቸውን አንጓ በሦስት ጣት ይዞ ብዙ ቆየ። ከዚያ የእኔን ጣት ወስዶ እዚያው ላይ አስቀመጠው። ከቆዳው ሥር የሚመታው የደም ሥር እንደ ደረቀ ጠፍር ነበር፤ ስጫነው እሺ አይልም።

«ኩላሊታቸው ከደከመ ቆይቷል» አለኝ። «ደማቸው በደንብ አይጣራም። ያልተጣራው ነገር ውስጥ ውስጡን ሰውነትን ያስቆጣዋል። ቁስል የለው፣ ትኩሳት የለው፣ ዝም ብሎ የሚበላ ብግነት ነው። የደም ሥሩ በዚያ ይደርቃል። የደረቀው ደግሞ ግፊቱን መልሶ ኩላሊቱ ላይ ይጥለዋል።»

«ይድናሉ?»

«የሞተው አይመለስም። የቀረውን ማቆየት ይቻላል። ይህን ኪኒን ጠዋት ጠዋት ይዋጡ፣ ጨው ይቀንሱ። ካቋረጡ ግን አልዋሽህም፣ ተስፋ የለኝም።»

«ልጄ፣ ኪኒኑንስ እሺ፤ ጨው የሌለው ሽሮ ነው የሚገድለኝ» አሉት አባቴ።

ቤት ስንገባ የኪኒኑ ሣጥን ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ጠዋት» ብዬ ጻፍኩ። ያኔ ማንም ሳያስተምረኝ ግጥም እጽፍ ነበርና በእጅ ጽሑፌ እኮራለሁ። አባቴ ሣጥኑን ወደ ብርሃን አቅርበው አዩት።

«ቅኔ ቤት ሳይገባ የሚዘርፍ ሌባ ነው» አሉ። «ጽሕፈትህ ግን መልካም ነው።»

እብጠቱ እየጎደለ ሄደ። እኔም ልቤ አርፎ ወደምኖርበት ከተማ ተመለስኩ፤ ያኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። ወዲያው ሁዳዴ ገባ። በሁዳዴ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ቀዳሹ እስከዚያ ውኃም አይቀምስ። አባቴ ሰሞነኛ ሆነው የመቀደስ ተራው ባይደርሳቸውም እንደ ቀዳሹ ይጾሙ ነበር።

ለሆሣዕና ቤት ስመለስ መደብ ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ተኝተው መተንፈስ አቅቷቸዋል። ሣጥኑን ከፈትኩት። አብዛኛው ኪኒን እንዳለ ነው።

«አባ፣ ለምን አልዋጡም?»

«ቅዳሜና እሑድ ቅዳሴው ማለዳ ስለሚወጣ ውጫለሁ። በሌላው ቀን ጠዋት ጾም ነኝ።»

«ታዲያ ማታ አይዋጡትም ነበር?»

«ማታ የት ተጻፈና? ጠዋት ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህ?»

እየቀለዱ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ያነበቡት እንደተጻፈው ነው። ዲያቆን አንዲት ቃል ሲዘል አቁመው ከላይ የሚያስጀምሩ ሰው ናቸው። የእኔንም ጽሑፍ ያነበቡት እንደዚያው ነው።

በማግስቱ የሰፈሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ወደ ላሊበላው ክሊኒክ ሄድን። ጤና መኮንኑ ደማቸውን መርምሮ ወደ በረንዳው ጠራኝ። የሆነውን ነገርኩት።

«ማታም ቢሆን ያው ነበር እኮ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽንት ስለሚያበዛ፣ ሌሊት ሲመላለሱ እንዳይንገላቱ ብዬ ነው ጠዋት ያልኩህ።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደማቸውን የሚያጥብ መሣሪያ ነው የሚያስፈልጋቸው። ያውም በየሳምንቱ፣ እስከ ዕድሜ ልክ። እሱ ደግሞ ያለው አዲስ አበባ ነው።»

አዲስ አበባ የሚያስጠጋን አንድ ዘመድ የለንም። በዚያው ቃሬዛ ወደ ቤት መለስናቸው።

የፋሲካን ቅዳሴ ሌሎች ቀደሱ። አባቴ ግድግዳ ተደግፈው፣ ያልተጣራው ደም የሚያሳክካቸውን ቆዳ ሲያኩ አደሩ። እናቴ ለመፈሰኪያ አጥሚት አመጣችላቸው፤ ሁለት ጊዜ በማንኪያ ተጎነጩና ገፉት።

«ጾሙን ሳልገድፍ ጨረስኩ፣ አይደል?» አሉኝ።

«ጨረሱ፣ አባ።»

ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ያ ኪኒን፣ ማታ ቢዋጥ ኖሮ ይሠራ ነበር?»

እናቴ ማንኪያውን እንደያዘች ወደ እኔ ዞረች። እሷም አታውቅም ነበር።

«አይሠራም ነበር፣ አባ» አልኩ። «የጠዋት ነው።»

«እንግዲያስ የሚቆጨኝ የለም» አሉ።

አመኑኝ። ከዚያ በኋላ የቆዩት አሥራ አንድ ቀን ነው። እናቴም እስከ ዛሬ እንዳመነችኝ ናት።