ሙቀጫው ይውጣ

አጎቴ በጃንሆይ ዘመን ቡታጅራ ላይ በርበሬ ይነግዱ ነበር። አስሜ ሲነሳብኝ ጎረቤታችን «ጂን ነው» ትል ነበር። እሳቸው ግን የግቢውን ልጆች ሰብስበው በየልጁ አፍ ላይ የስንዴ አገዳ ያደርጉና መሃሉን በጣታቸው ጨመቅ ያደርጉት ነበር።

«በሉ በዚህ ተንፍሱ! በርበሬ ሲወቀጥ፣ ቤቱ በጭስ ሲታፈን የዚህች ልጅ ደረት እንዲህ ይጠባል። ሙቀጫው ይውጣ!»

አጎቴ የሞቱ ዕለት ሴቶቹ ለለቀስተኛው ወጥ የሚሆን በርበሬ ቤት ውስጥ መውቀጥ ጀመሩ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ ሙቀጫውን እየጎተትኩ ወጣሁ።

«ሐዘን ቤት ደጅ ላይ አይወቀጥም! ሰው ምን ይላል?» ብላ ያችው ጎረቤት ጮኸችብኝ።

እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ደጃፍ ባዶ ነበር። ሙቀጫውን እዚያው አቆምኩት።

«የፈለገውን ይበል» አልኳት፤ «እኔ ግን እተነፍሳለሁ።»