ቤት ሲፈልግ እህት ያገኘው ልብስ ሰፊ

ልብስ ሰፊው ውበቱ ከይጁቤ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲገባ አህያው የተሸከመችውን የስፌት መኪና ያየ ሁሉ መድፍ መስሎት መንገድ ይለቅለት ነበር። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ወዲህ ጊዜው እንዲያ ነበር፤ ብረት የሆነ ነገር ሁሉ መድፍ፣ ፀጉረ ልውጥ የሆነ ሰው ሁሉ ሰላይ ይመስላል። ይጁቤ ላይ ገበያው ፈርሷል። ቀን ባንዳ ይመጣና «የአርበኛ ሱሪ ትሰፋለህ አሉ» ብሎ ያስፈራራዋል። ማታ አርበኛ ይመጣና «የባንዳ ኮት ትጠግናለህ አሉ» ብሎ ይገለምጠዋል። እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ይሰፋ ነበር፤ እንዲያውም አንዳንዴ ከአንድ ጣቃ አቡጀዲ። ነገሩ ሳይገለጥበት ከተማ ገብቶ አንዲት ጥግ ተከራይቶ መኪናውን ሊተክል ቆርጦ ተነሣ።

በዚያ ዘመን ማርቆስ ውስጥ ቤት ከመከራየት መንግሥተ ሰማያት መግባት ይቀል ነበር። አገሩ የተቃጠለበት ሁሉ ወደ ከተማ ጎርፏል። በአንዲት ጎጆ ሦስት አባወራ ያድራል፤ አንዱ እንዲገላበጥ ሌሎቹ መፍቀድ አለባቸው። ከዚህም በላይ ከሹማምንቱ ትእዛዝ ወጥቷል። ዘመዱ ያልሆነ እንግዳ ቤቱ ያስቀመጠ ሰው ከእንግዳው ጋር አብሮ ይታሰራል። ዘመድ ከሆነ ግን የሰፈሩ ሹም ፊት ቀርቦ «ዘመዴ ነው» ብሎ መማል ይበቃል።

ውበቱ ይህን ሳያውቅ በየደጁ እየቆመ «ዘመድ የለኝም፣ ሥራ ግን አለኝ» እያለ ሲለምን ዋለ። በሩን ቶሎ ያልዘጋበት ሰው ቢኖር መዝጊያው የተሰበረበት ብቻ ነበር። በኋላ ምሥጢሩን አንድ መንገደኛ ሲያጫውተው ብልሃት የገባው መሰለው። ቀጥሎ ያገኘውን ደጅ አንኳኩቶ ለወጡት ሽማግሌ እጅ ነሣ።

«አባቴ፣ በሩቅም ቢሆን እንዛመዳለን ይባላል።»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አነሡ። «አወቅሁ! ርስቴን ፈልገህ ነው! በእናትህ በኩል ነው በአባትህ የምትነቅለኝ?»

«ኧረ እኔ ጣራ ብቻ ነው የፈለግሁት!»

«ሁሉም እንዲህ ብሎ ነው የሚጀምር! ዛሬ ጣራ፣ ነገ ማሳ!»

እስከ ወንዙ አባረሩት። ሽማግሌው ያለ ምርኩዝ የማይራመዱ ሰው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ምርኩዙ ከሳቸው ቀድሞ ይሮጥ ነበር። ጎጃም ውስጥ ዘመድ ነኝ ማለት መሬት አካፍሉኝ ማለት መሆኑን ውበቱ እያወቀ በጭንቀት ረስቶት ነበር።

ሰማዩ ጠቁሮ ማንጎዳጎድ ሲጀምር ከማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ካለ አንድ ደጅ ደረሰ። ማንጠግቦሽ የምትባል ሴት በሯ ላይ ተቀምጣ እንዝርት ታሾራለች። ባሏ ጣሊያን በገባበት ዓመት ዘምቶ ቀርቷል፤ ልጅ የላትም። ማሳዋ ላይ የጣሊያን ሰፈር ተተክሎበታልና ርስቴን ይካፈለኛል ብላ የምትሰጋው ሰው አልነበረም።

«የሚከራይ ቤት ይኖር ይሆን፣ እመይቴ?»

«የማን ልጅ ነህ?»

«ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ሥራህን ማን ጠየቀህ? የማን ልጅ ነህ ነው የምልህ።»

«የአንሙት ልጅ ነኝ፤ ከይጁቤ።»

እንዝርቷን አቆመች። መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥላ የደከመችውን አህያ አየች። «የትኛው አንሙት? የባዘዘው ዘር ነው የሚባለው?»

ውበቱ ባዘዘው ማን እንደሆነ አያውቅም። ዝናቡ ግን መጣሉን ጀምሯል። የዓባይ ጉማሬ ዘር ነህ ብትለውም አዎን ይል ነበር።

«አዎን!» አለ።

«እንግዲያማ ባዘዘው ለእኔም በአምስተኛ ቤት አያቴ ነው፤ ለአንተም እንደዚያው መሆን አለበት። ዘመድ ነን በለኛ!»

እዚህ ላይ ዝም ቢል ኖሮ መልካም ነበር። ውበቱ ግን የሰው ልብስ እንጂ የራሱን አፍ ሰፍቶ አያውቅም። «ዘመድ ብቻ! አባቴ ሲሞት ‹ማርቆስ ያለችውን የባዘዘውን ዘር አደራ› ብሎ ነው ዓይኑን የከደነ!» አለና እንባ አመጣ፤ እንባው ሲወርድ ከዝናቡ ይበልጥ ነበር። ማንጠግቦሽ አየት አድርጋው «ግባ፣ ወንድምዓለም» አለችው።

በማግስቱ የሰፈሩ ሹምና የነፍስ አባቷ አባ ወልደ ሩፋኤል ባሉበት መስቀል ይዘው ማሉ። እሷ «ወንድሜ ነው» አለች፤ እሱ «እህቴ ናት» አለ። ጓዳውን በጨርቅ ከፍላ ሰጠችው። መኪናውን በመስኮቱ በኩል ተከለ፤ ከዚያ ወዲያ እሷ «ወንድምዓለም»፣ እሱ «እታለም» ይባባሉ ጀመር።

እሷ ትፈትላለች፣ እሱ ይሰፋል። ሥራው ባይሞላ ወሬው ይሞላል። አንድ የባንዳ አለቃ ሆዱን ለመለካት ክር ሲዞርበት ውሎ እንዳደረ፣ ሱሪውም ሲሰጣ ሰፈሩ ሁሉ ጥላ አግኝቶ እንዳረፈ ያወራላታል። ማንጠግቦሽ እስክታነባ ትስቃለች። «አንተ ውሸታም!» ትለዋለች። ይህን ስትለው ልቡ ድንግጥ ይላል።

አንድ የፋሲካ ሰሞን ቀሚስ ሰፋላት። ለብሳው ስትወጣ አንገቱ፣ ወገቡ፣ እጅጌው፣ ሁሉም ልክ ነው። ውበቱ ለገዛ አባቱ እንኳ ክር ሳይዘረጋ መቀስ አንሥቶ አያውቅም፤ ይህን ግን ሳይለካ ነበር የቆረጠው። ነገሩ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባው።

«ልኬን መቼ ወሰድህ?» አለችው እየዞረች።

«የእህት ልክ ይጠፋል እንዴ?» አለ።

ፈገግታዋ ደብዘዝ አለ። በኋላ፣ ዕድሜውን ሙሉ፣ ይህችን ቃል እንደ ተሰበረ መርፌ ከሥጋው ውስጥ ሲፈልጋት ኖሯል።

እስከ ሰባት ቤት ድረስ የሚዛመዱ እንደማይጋቡ ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። ውበቱ በአምስተኛው ቤት ተቸንክሮ ቀረ። «ምነው ‹ኧረ ባዘዘው ለእኔ ይርቀኛል› ብዬ ስምንተኛ ቤት ላይ በወጣሁ!» እያለ ራሱን ይበላል። ለአንድ ሌሊት ዝናብ ብሎ የገባበት ዝምድና ነበር፤ አሁን ከጣሊያን ምሽግ ጠንክሮበታል።

ቢጨንቀው ወደ አባ ወልደ ሩፋኤል ሄደ።

«አባ፣ አንድ ሰው ዘመዱ ያልሆነችውን ሴት ‹እህቴ ናት› ብሎ መስቀል ቢመታ...»

«ሴትየዋም ምላለች?»

«ምላለች።»

አባ ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «ይህ ሰው አደባባይ ወጥቶ እውነቱን ቢናገር እሷ በሐሰት ምላ ባዕድ አስቀመጠች ተብላ ትታሰራለች። ሰፈሩም ስሟን አያተርፍላትም። ስለዚህ ለአደባባዩ አፉን ይያዝ፣ ስለ መሐላው ንስሐ ይግባ። ለእሷ ግን ለብቻዋ ይንገራት። ከዚያ ወዲያ አገር ሰፊ ነው፤ ደብረ ወርቅ ሄደው ቢኖሩ ማን ያውቃቸዋል?» አሉና ቀና ብለው አዩት። «ለዚያ ሰው ንገረው፤ አይዘግይ።»

ውበቱ መሬት ሳይረግጥ ቤት ደረሰ። ማንጠግቦሽ ጥጥ እየፈለቀቀች ነበር።

«እታለም፣ አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።»

እጇን ከጥጡ አነሣች። «ንገረኝ።»

አፉን ከፈተ። ብትጠላኝስ? ውሸታም ብላ ብታባርረኝስ? አንድ ጣራ፣ አንዲት ሳቅ፣ ይህችንም ላጣ ነው? መንግሥት የሚያህል ውሸት በቀላሉ ይወጣው የነበረ አፍ አንዲት እውነት ከበደችው።

«የመኪናው ዘይት አልቋል» አለ።

ብዙ ጠበቀችው። ሌላ ነገር ሳይመጣ ሲቀር ወደ ጥጧ ተመለሰች። ውበቱም ነገ እነግራታለሁ አለ፤ ነገ ሲሆን ደግሞ ከጾም በኋላ አለ፤ ከጾም በኋላ ሌላ ጾም አያጣም ነበር።

እንዲህ ሲል ከአማኑኤል ከተማ ሽማግሌዎች መጡ። ቢተው የሚባል ሚስቱ የሞተችበት የበቅሎ ነጋዴ ማንጠግቦሽን በገበያ አይቷት ነው የላካቸው። እሷ ከመጋረጃው ኋላ ሆና «ወንድም እያለኝ እኔን ምን ትጠይቁኛላችሁ?» አለች። ሽማግሌዎቹ ዞረው ውበቱ ፊት ቆሙ።

«ልጃችንን ለልጅህ... ይቅርታ፣ ለእህትህ ብለን ነው» አሉ ዋናው ሽማግሌ።

ውበቱ ለቢተው እንከን ሲፈልግ ላብ አጠመቀው። ሰውየው አይሰክርም፣ አይሰርቅም፣ ለጣሊያንም አላደረም። «የበቅሎ ነጋዴ ነው አላችሁ? በቅሎ ይራገጣል!» አለ በመጨረሻ።

«በቅሎው ነው እንጂ ልጁ አይራገጥም፣ ጌታዬ።»

ሁሉም ሳቁ። ውበቱ ወደ መጋረጃው ዞረ። «እታለም፣ ምን ትያለሽ?»

«አንተ ምን ትላለህ?»

ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው አልነበረም፤ ከዚያ ጨርቅ ወዲያ የምትጠብቅ ሰው እንዳለች ሽማግሌዎቹ እንኳ የታወቃቸው ይመስል ወደ መጋረጃው ዞሩ። እምቢ ቢል ምክንያት ይጠየቃል፤ ምክንያቱን ቢናገር ሽማግሌ ፊት ነው፣ ያሳስራታል። ላስብበት ብሎ ቀን መለመን ግን ይችል ነበር። ማታ ለብቻዋ መንገር ይችል ነበር። ይህ ሁሉ የታየው ግን ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው።

«ይሁን» አለ። በዕድሜው ከተናገረው ሁሉ አጭሩ ንግግር ይኸው ነበር።

በሰማንያ ተዋውላ የምትሄድበት ቀን ያን ቀሚስ ለበሰች። ወደ በቅሎዋ ደግፎ የሚያወጣት ወንድም ነውና ውበቱ ቀረበ። ሰፈሩ ሁሉ ዙሪያውን ቆሟል። አንሥቶ ኮርቻው ላይ ሲያስቀምጣት ጎንበስ ብላ በጆሮው ተናገረች።

«ባዘዘው የሚባል አያት የለኝም። ያን ቀን ዝናቡ ሊመታህ ሲል አሳዝነኸኝ አፌ ላይ የመጣውን ስም ነው የጠራሁት። አንድ ቀን ትነግረኛለህ እያልሁ ስጠብቅህ ኖርሁ። እኔማ ሴት ልጅ፣ ቀድሜ እንዴት እናገረዋለሁ?»

ውበቱ እርካቡን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ያልተወለደ ሰው፣ ባዘዘው፣ መሀላቸው ቆሞ አላሳልፍ ብሏቸው ኖሯል! ያን ሁሉ ወሬ የሚያመርት አፉ አንዲት ቃል ብቻ አወጣ።

«እታለም...»

«እንግዲህማ እሷው ነኝ» አለች ነጠላዋን ወደ ፊቷ እየሳበች።

ቢተው በትሕትና እጅ ነሥቶት የበቅሎዋን ልጓም ያዘ። ውበቱ ሰው ፊት መሆኑን ረስቶ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ ይህኛው እንባ ማጋነን አልነበረበትም። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«እህቱን እንዴት ቢወዳት ነው!» አሉ። «ወንድም ማለት እንዲህ ነው እንጂ!»