ቀድሞ የመጣ ኮንግራ

«ኮንግራ» የምትባለው ቃል ድሮም አትጥመኝም ነበር። እንግሊዝኛው ረጅም ነው፤ እኛ ግማሹን ቆርሰን እናቀብላለን። ለተመረቀም፣ ለወለደም፣ ባጃጅ ለገዛም ያው ኮንግራ ነው። «እንኳን ደስ አለሽ» ለማለት ጊዜ ያጣ ሰው ይላታል እያልኩ አሾፍ ነበር።

ሰመራ ነርሲንግ ስጨርስ ግን እኔም አማረችኝ። የጋውን ፎቶ የምንነሳው የመውጫ ፈተናው ውጤት ሳይመጣ ነው፤ በኋላማ ፎቶ ቤቱ ከሰው ብዛት አያስገባም። ተነሳሁ፣ ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ፣ ኮንግራው እንደ ደራሽ ጎርፍ ወረደ። ሳምንት ሳይሞላ ውጤቱ መጣ። ወድቄያለሁ።

ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ አያውቅም። ከዚያም በኋላ «ኮንግራ የኔ ቆንጆ» እያለ ይልክልኛል፣ እኔ ስልኩን ትራስ ስር ቀብሬ አለቅሳለሁ። ፎቶውን እንዳላጠፋው፣ ማጥፋት ራሱ መናገር ነው።

ከሁሉም የከበደችኝ አክስቴ ናት። ከወሎ መጥታ አዋሽ ላይ ምግብ ቤት የከፈተች፣ አራቱንም ዓመት ያስተማረችኝ እሷ ናት። በስልክ ልንገራት ብል አፌ እምቢ አለኝ። አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ሚሌን አልፌ፣ አዋሽ ገባሁ። ለካ ፎቶዬን በትልቁ አሳትማ ከባንኮኒው በላይ ሰቅላዋለች። ምሳ የሚበሉት የከባድ መኪና ሾፌሮች ፎቶውንና እኔን አስተያዩና ባንድ አፍ ኮንግራ አሉኝ።

ጓዳ ጎትቼ አስገባኋትና ነገርኳት። ፎቶውን እንድታወርድልኝም ለመንኳት። እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ብዙም አላሰበችም።

«አብሽሪ» አለችኝ። «እኔ የሰቀልኩት ልጄን ነው፣ ወረቀቷን አይደለም። አይወርድም።»

ይባስ ብላ ወጣችና ለሾፌሮቹ ገና እንዳላለፍኩ፣ በሚቀጥለው ዙር እንደምፈተን፣ ዱዓ እንዲያደርጉልኝ ነገረቻቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ተቀየምኳት፣ እውነቴን ነው። አንድ ሽበታም ሾፌር ግን ሳይስቅ መንጃ ፈቃዱን በሦስተኛው እንዳገኘ ነገረኝና ጥብሱን መብላት ቀጠለ።

የቀሩትን ወራት እዚያው ጥግ ጠረጴዛ ላይ ሳነብ ከረምኩ። ከጅቡቲ የሚመለሰው ሁሉ ቀና ብሎ ፎቶዬን ያይና ጥናቱ እንዴት እንደያዘኝ ይጠይቀኛል። በረሃው መሀል ዲቾቶ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ሁለት ቀን የተቀመጠ ሰው እንኳ ስለ ራሱ ሳያወራ ስለ እኔ ይጠይቃል። ቀስ በቀስ ማፈሬን ረሳሁት። ለማን ብዬ እደብቃለሁ፣ ሁሉም ያውቃል።

በሁለተኛው አለፍኩ። አሁን ሰመራ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሰው ጎበዝ ነሽ ሲለኝ እሺ ብዬ እቀበላለሁ፤ ልቤ ግን እውነቱን ያውቃል። ያን ቀን አክስቴ አፍራብኝ ቢሆን ኖሮ፣ ተመልሼ አልፈተንም ነበር።