ጥላዋን የጠራችው እህት

«ጥላሽን ለጨው ሸጥሽ፣ ዝናብ ልትገዢ፣
ባሕሩን ተሻገርሽ፣ ስንቅ ሳትይዢ፣
ከመሸ አትደርሺም፣ ነፋሱን እዘዢ…»

ክሌርሚዝ ሁሌም እዚህ ላይ ትቆማለች። እናቷ እማማ ኖዚል ተረቱን ስታወራ አራተኛውን ስንኝ ድምጿን አጥፍታ ለራሷ ብቻ ነበር የምትለው። ስለዚህ ልጅቷ ሦስቱን ታንጎራጉርና ቀሪውን ከንፈሯን ገጥማ በዜማ ብቻ ትሞላዋለች። አረንጓዴ ሙዝ ስትልጥ፣ ዘይት ስታግል፣ በባሕር ዳሯ ከተማ በማሪጎ ገበያ ዳር ጥብሷን ዘርግታ ደንበኛ ስትጠብቅ፣ ያቺው ዜማ ናት።

ዛሬ ግን ዜማው ራሱ ጥርሱን ነክሷል። ሙዙን በድንጋይ ስትደፈጥጠው ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል።

«አበልጄ፣» አለቻት አጠገቧ ዓሣ የምትሸጠው ዴልሲ፣ «ከሰሉን በከንቱ አትጨርሺ። ድስቱን ግንባርሽ ላይ ጣጂው፣ ይፈላል።»

ክሌርሚዝ አልሳቀችም። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፏ አልዞረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና ከዋና ከተማው የመጡ ሰዎች ከእማማ ኖዚል አልጋ አጠገብ ተቀምጠው ተረቷን ሰሙ። በድርቅ ዘመን ለአገሯ ዝናብ ብላ ጥላዋን ለጨው ነጋዴ የሸጠችውን ልጅ፣ ጥላ የሌለውን ሰው ሁሉ ይረሳዋልና ማንም ያላስታወሳትን፣ ታናሽ እህቷ ብቻ በየምሽቱ ባሕር ዳር ቆማ በዘፈን እየጠራች የመለሰቻትን። ሰዎቹ አኒሜሽን ፊልም እንሠራዋለን፣ ለገና ይደርሳል ብለው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ከተማው ሌላ ወሬ የለውም። የሚኒባሱ ሾፌር ጥላ የሌላትን ልጅ መኪናው ግንባር ላይ አስሎ ይዞራል። ጸጉር አስተካካዩ የነጋዴው ድምፅ የኔን ይመስላል እያለ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ያስጠብቃል። ዓይኖቿ የጠፉት እማማ ኖዚል ደግሞ ጎህ በቀደደ ቁጥር «ዛሬ ነው?» ትላለች።

ዛሬ ነበር። ፊልሙ ገና አላለቀም፤ ቅንጭቡ ግን ማምሻውን በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሊታይ ነው። ይዞት የመጣው ከፊልም ሠሪዎቹ አንዱ፣ ፋብሪስ የሚባል ለስላሳ ወጣት፣ ጠዋት ወደ ክሌርሚዝ ዘንድ ጎራ አለና፣ አንቺ ቀድመሽ ማየት ይገባሻል ብሎ ስልኩን ዘረጋላት።

መጀመሪያ ልቧ ቀለጠ። የልጅቷ ጸጉር እንደ ማዕበል ይተኛል፣ ይነሣል። የነጋዴው አህያ እናቷ እንዳለችው አንድ ጆሮዋ እርጥብ ነው። ከዚያ አንድ መልከ መልካም ዓሣ አጥማጅ ጎረምሳ በወርቅ ጀልባ መጣ፤ ጥላዋን ጠራ፤ ጥላዋም መጣች።

«እህትየውስ?» አለች ክሌርሚዝ።

ፋብሪስ አንገቱን አሸት አሸት አደረገ። ሁለት ሴት ልጆች ተመልካቹን ያደናግሩታል ተብሎ ነው አለ። ውጭ አገር ያለው ሰው ፍቅር ይፈልጋል፤ ዘፈኑም ይጎተታል።

«ዕድሜ ልኳን ስትጣራ የኖረችው ጀልባ ያለው ጎረምሳ ነው?»

«እትዬ፣ ተረት እኮ ነው።»

«ተረት?» ስልኩን መለሰችለት፤ ጣቶቿ ዘይት ስለነበሩ መስታወቱ ላይ ታተሙ። «እናቴ ዛሬም ማታ በሩን አታስቀረቅርም። ለማን ይመስልሃል?»

እሱ አላወቀም። የማሪጎ ሰው ግን ያውቃል። የእማማ ኖዚል ታላቅ እህት ሎርሲያ በልጅነቷ ሸንኮራ ልትቆርጥ ድንበር ተሻግራ በዚያው ቀረች። ሬሳ አልመጣ፣ ወሬ አልመጣ። ታናሿ ቀብራ ማልቀስ ሲያቅታት ተረቱን ያዘች። አሁን ያንን ጥሪ ከአፏ ነጥቀው ለጎረምሳ ሰጡት።

ክሌርሚዝ እናቷን ላለመውሰድ አስባ ነበር። ቤት ስትገባ አሮጊቷ ነጭ ሻሿን አስራ፣ ጫማዋን ተጫምታ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀቻት። ምን ትበላት? ዓይን ባይኖራት ጆሮ አላት፤ እህትየዋ አለመኖሯን ትሰማለች። ክሌርሚዝ ጎረቤቶቹን ጠራች፤ በወንበሯ ተሸክመው አወጧት።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ተወጥሯል። ፋብሪስ ጥቂት ምስጋና አቅርቦ ወደ ፊልም ማሳያ መሣሪያው ዞረ። ያኔ ክሌርሚዝ፣ ዘይት የጠጣ ሽርጧን እንኳ ሳትፈታ፣ አንሶላው ፊት ሄዳ ቆመች።

«ክሪክ?» አለች።

በዚያ አገር ተረተኛ «ክሪክ?» ሲል «ክራክ» ብሎ የመለሰ ሰው ተረቱ እስኪያልቅ አይነሣም፣ አያቋርጥም።

«ክራክ!»

መጀመሪያ የመለሰው አፍ የፋብሪስ ነበር። ሳያስበው ነው ያመለጠው፤ እሱም አያት ያሳደገችው ነው። እጁ መሣሪያው ላይ እንዳለ ደርቆ ቀረ። «ያዘችው!» አለ አንዱ፤ ግቢው በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሁሉም «ክራክ!» ብሎ ተከተለ።

ክሌርሚዝ ተረቱን አልተረከችውም፤ ወረወረችው። ነጋዴውን ስትጠራ እንደ ሬት ተፋችው። ልጅቷን የረሱትን ሰዎች አንድ በአንድ ወቀሰች፤ ፊት ለፊት የተቀመጡት አቀረቀሩ። እህትየዋን ባሕር ዳር ስታቆም ድምጿ ተሰነጠቀ፣ ዘፈነችም። ስለ ጨው አለች፣ ስለ ስንቅ አለች፣ ስለ ነፋስ አለች፤ አራተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ግን እንደ ልማዷ ቆመች። ከንፈሯን ገጥማ ማለፍ አሁን እንዴት ይሆናል? የሚሰማው ማዕበሉ ብቻ ሆነ።

ከወንበሩ ላይ ቀጭን ድምፅ ተነሣ፤ በዚያ ሁሉ ዘመን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይደበቅ።

«ደጁ ላይ ቆሜያለሁ፣ ሎርሲያ እጄን ያዢ።»

ግቢው ተቀበላት። ደገመው። ጸጉር አስተካካዩ በወፍራም ድምፁ እያለቀሰ ያዜም ነበር።

ሲያበቃ ፋብሪስ ቅንጭቡን ሊያሳይ አልደፈረም፤ ልጆች ስለነዘነዙት አህያዋ ያለችበትን ቦታ ብቻ አሳየና አጠፋው። ወደ ክሌርሚዝ ቀርቦም፣ ሥራው ገና አላለቀም፣ ዘፈኑን ልቅዳውና አለቆቼን ልጠይቅ አላት።

«ጠይቅ። እኔ አልለምንህም። ያለ እህቷ ካመጣኸው ግን እዚሁ ግድግዳ ፊት ታገኘኛለህ፤ ያኔም ክራክ ትላለህ።»

«እላለሁ፣ እትዬ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

እማማ ኖዚል የልጇን እጅ ፈልጋ ያዘች። «ጥሩ ፊልም ሠርተዋል» አለች፣ በከንፈሯ ጫፍ ፈገግ ብላ። «ድምፁ ግን ያንቺን ይመስላል። የተቆጣች ትመስላለች፣ አልበላችም እንዴ?»

ዴልሲ ይህን ስትጠብቅ ነበር። የቀዘቀዘ ሙዝ፣ አንድ ዓሣና በቃሪያ የተኮመጠጠ ጎመን የሞላበት ሳህን አቀበለቻት። ክሌርሚዝ ሽርጧን ፈታች፤ ከእናቷ ወንበር ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ንዴቷ ሳይወጣላት ትልቁን ቁራጭ አንሥታ ጎረሰች።